ሟች ያልተገኘለት ድንኳን

የአንድነት ጥላ መረዳጃ እድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ዓርብ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ አሰላ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት፣ በትልቁ ድስትና በተደራረቡት አግዳሚ ወንበሮች መካከል

ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ 9፡45 ተጀመረ። ከጁምዓ የተመለሱት አባላት በሰዓቱ ደርሰዋል። የዘገዩት ቤታቸው ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት የሆነው ሊቀመንበሩ ናቸው።

የተገኙ፦

1. አቶ አበጋዝ፣ ሊቀመንበር
2. ሐጂ ሁሴኖ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊ (የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእሳቸው ኪስ ነው)
3. ወ/ሮ ሰኪና፣ የለቅሶ ተቆጣጣሪ (ከቀብር የቀረ ሰው የሚመዘግቡ)
4. አቶ ዘርትሁን፣ ጥሩምባ ነፊ
5. ወ/ሮ ትርፌ፣ ጊዜያዊ ጸሐፊ (ጊዜያዊ ከሆነች ሦስት ዓመት ሆኗታል)

ያልተገኙ፦

አቶ ሐቢብ፣ የቀድሞ ጸሐፊ። ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። የሞተን ሰው ከኮሚቴ የሚያስነሣ አንቀጽ ስላልተገኘ እንደ ወትሮው “ያለ ፈቃድ የቀሩ” ተብለው ተመዝግበዋል።

አቶ ሰኢድ፣ ተራ አባል። ጎበሳ ሠርግ ሄጃለሁ ብለው ልከዋል። ጠዋት እዚሁ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲመርጡ ታይተዋል።

ለማስረዳት የተጠራ፦ መምህር ዮፍታሔ፣ የሙዚቃ መምህር፣ የእድሩ አባል ያልሆነ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ከተገኙ ስብሰባው ይጸናል። አምስት ስለተገኙ ጸንቷል።

ማሳሰቢያ፦ እድሩ የቃለ ጉባኤ መዝገብ እገዛለሁ ብሎ ከወሰነ ሦስት ዓመት ስላለፈው ይህ ቃለ ጉባኤ የተያዘው በጸሐፊዋ የግል ደብተር ነው። ደብተሩ ከጎልማሶች ትምህርት የተረፈ ነው። ከፊት በኩል የጻፈችው ጸሐፊዋ ናት። ከጀርባ በኩል ገልብጠው የጻፉት ሟች ወ/ሮ ፋጡ ናቸው። ወ/ሮ ፋጡ የሐጂ ሁሴኖ እህት፣ የእድሩ አባል ቁጥር 114፣ ከጸሐፊዋ ጋር በስተርጅና አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ሰው ነበሩ። አምና በኅዳር አርፈዋል።

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ጸሐፊዋ ፊደል የለመደችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ሁሉም ቀስ ብሎ እንዲናገር አሳሰቡ። ጸሐፊዋም የምትዘገየው የሚጻፍ ነገር እስኪናገሩ እየጠበቀች መሆኑን አስረዳች። ማሳሰቢያው ተመዝግቦ ወደ አጀንዳ ታለፈ።

አጀንዳ 1፦ ባለፈው ቅዳሜ ማን እንደሞተ ስለ ማጣራት

ሊቀመንበሩ ጉዳዩን እንደሚከተለው አቀረቡ። ጥር 16 ቀን የእድሩ ድንኳን ሜዳው ላይ ተተክሏል። ከድንኳኑ ውስጥ የለቅሶ ዜማ ተሰምቷል። አቶ ዘርትሁን ጥሩምባ ነፍተዋል። ሰው ከየቤቱ ወጥቷል፤ ከሳጉሬ በሚኒባስ፣ ከበቆጂም ሳይቀር መጥቷል። ይሁን እንጂ የሟች መዝገብ ቢታይ በዚያ ቀን የሞተ ሰው የለም። በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 9 መሠረት የሟች ስም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ድንኳን አይወጣም። ስለዚህ ኮሚቴው ሟቹን እንዲያገኝ ጠየቁ።

መምህር ዮፍታሔ ለማስረዳት ዕድል ተሰጠው። ስለ ሞት የተጻፉ አምስት ግጥሞችን በአራት ድምፅ ለሚዘምር ኳየር ማቀናበሩን፣ ሃያ ሁለት ሰው የሚይዝ የልምምድ ቦታ ማጣቱን፣ ሐጂ ሁሴኖም ለአንድ ከሰዓት ድንኳኑን እንደፈቀዱለት ተናገረ። ሥራው ዘመናዊ እንደሆነና የፊታችን እሑድ በዚያው ድንኳን ለሕዝብ እንደሚቀርብ አከለ።

ሐጂ ሁሴኖ በበኩላቸው፣ ልጁ ድንኳን የጠየቃቸው “ለሞት ጉዳይ” ብሎ ስለሆነ እንደሰጡት፣ የማን ሞት ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር መስሎ እንደታያቸው አስረዱ።

አቶ ዘርትሁን ተጠይቀው፣ በሃያ ስድስት ዓመት የጥሩምባ ሥራቸው ድንኳንና ለቅሶ ባንድ ላይ አይተው ሟች አጥተው እንደማያውቁ፣ በዚህ ሁኔታ ቆሞ “ማነው?” እያለ የሚያጣራ ጥሩምባ ነፊ ካለ ኮሚቴው እንዲያሳያቸው ተናገሩ።

ወ/ሮ ሰኪና እንደገለጹት፣ ለቀስተኛው ንፍሮውን ይዞ ገብቶ አራት ዜማ ሙሉ በሥርዓት አልቅሷል። ከዚያ አንድ የሳጉሬ ሽማግሌ ሟቹ ማን እንደሆነ ቢጠይቁ መምህሩ “ማንም አይደለም አባቴ፣ በአጠቃላይ ሞት ነው” ብሎ መልሷል። ሽማግሌውም “ታዲያ ለአጠቃላይ ነው እኔ ገብሴን አውድማ ላይ ጥዬ የመጣሁት?” ብለው ስማቸው የተጠቀሰ ሟች ሳይሰጣቸው እንደማይሄዱ ገልጸዋል። ሌላውም ደግፏቸዋል። የሄዱት ሲበርዳቸው ነው።

ውይይቱ ቀጥሎ፣ አቶ ዘርትሁን መምህር ዮፍታሔ ራሱ ሟች ተብሎ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረቡ። አባል ያልሆነ ሰው በእድሩ ስም መሞት እንደማይችል ተገልጾ ውድቅ ሆነ። ሐጂ ሁሴኖ አቶ ሐቢብ እንዲመዘገቡ ጠየቁ። ወ/ሮ ሰኪና “ያ ረቢ! ሰውዬው አንዴ ሞቶ እኮ ሦስት ዓመት ቀሪ እያላችሁ ስትከሱት ነበር፣ አሁን ደግሞ ልትደግሙት?” ስላሉ ሐሳቡ ተተወ።

ሊቀመንበሩ በፈቃዱ ሟች ሆኖ የሚመዘገብ አባል ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። ሁሉም ፍጹም ጤነኛ መሆኑን ተናገረ። ባለፈው ወር አግዳሚ ለመሸከም ሲጠሩ የሐኪም ወረቀት ያቀረቡት ሁለቱም አባላት ጭምር።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሟቹ እስኪገኝ አጀንዳው በይደር እንዲቆይ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የዜማውን ግጥሞች ስለ መመርመር

ሊቀመንበሩ በእድሩ ድንኳን ውስጥ የሚባል ነገር ሁሉ የኮሚቴውን ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት አስታወቁ። መምህሩ አንዱን ዜማ ከስልኩ አሰማ። አራት ዓይነት ድምፅ አራት የተለያየ ቃል በአንድ ጊዜ ሲል ተሰማ።

ሊቀመንበሩ ዘማሪዎቹ እጅ እያወጡ በተራ እንዲዘምሩ አዘዙ። አራት ሰው በአንዴ የሚናገርበት አሠራር በዚሁ ኮሚቴ ለዓመታት ተሞክሮ ውጤት እንዳላስገኘ አስረዱ። ሐጂ ሁሴኖ ዜማው መጨረሻ ላይ ሳያልቅ ለምን እንደሚቆም ጠየቁ። መምህሩ “ዘመናዊ ስለሆነ ነው” አለ። ሐጂም ዘመናዊ ከሆነ እሑድ ሰው ማለቁን በምን አውቆ ይነሣል ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ዘርትሁን ጥሩምባቸው በሥራው እንዲካተት ጠየቁ። መምህሩ የጥሩምባው ድምፅ ከቅኝቱ ጋር እንደማይስማማ በትሕትና ገለጸ። አቶ ዘርትሁን እስካሁን ከሟቾቹ አንዱም ቅኝት አበላሸህ ብሎ ከስሷቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። በድምፅ ብልጫ ጥሩምባው እንዲገባ ተወሰነ።

ከዚያ አምስተኛው ግጥም ተነበበ። ቃሉ የሚከተለው ነው፦

አንድ ደብተር ይዘን ለሁለት ስንማር፣
ምነው ተነሣሽ ፋጡ ገና ከመስመር ዳር፤
ልጽፈው ብቀመጥ ስምሽን በቀለም፣
እንባዬ አጠበብኝ፣ አንዱም ፊደል የለም።

ሐጂ ሁሴኖ አግዳሚዎቹን ልቆጥር ብለው ወደ ጥግ ሄዱ። ስምንት ናቸው ብለው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። አግዳሚዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው።

ሊቀመንበሩ ግጥሙ መልካም ቢሆንም የአንድ አባል ስም ለይቶ ማንሣቱ በሌሎች ሟች አባላት ላይ አድልዎ እንደሚፈጥር ገለጹ። ነገ የሌላው ዘመድ የእኔስ ለምን ቀረ ቢል ምን ይመለሳል አሉ። ስለዚህ “ፋጡ” የሚለው ወጥቶ “ክብርት የእድራችን አባል” የሚለው እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። መምህሩ በዜማ ሞከረው፤ ትንፋሽ አጥሮት መሐል ላይ አቆመ። ሊቀመንበሩም እንግዲያው በአባል ቁጥራቸው ይጠሩ አሉ። መምህሩ “ምነው ተነሣሽ፣ መቶ ዐሥራ አራት” ብሎ አዜመው። ያሳዝናል፣ ገጠመ።

ጸሐፊዋ እጅ አውጥታ ሴትዮዋ ስም እንደነበራቸው፣ ያንንም ስም በገዛ እጃቸው ለመጻፍ አንድ ክረምት ሙሉ እንደፈጀባቸው አስገነዘበች። ሊቀመንበሩ ጸሐፊ ይመዘግባል እንጂ አይከራከርም አሉ። ጸሐፊዋ በደንቡ ድምፅ የመስጠት መብት እንዳላት አስታወሰች። መብቷ ተከብሮላት ድምፅ ሰጠች። ሐጂ ሁሴኖ ስለ እህቴ ምንም አልልም ብለው ድምፅ አልሰጡም። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ “ፋጡ” ወጥቶ ቁጥር 114 እንዲገባ ተወሰነ።

ጸሐፊዋ ውሳኔውን ጻፈች። እዚህ ላይ ቀለሙ የደበዘዘው እስክሪብቶው ስላስቸገረ ነው።

አጀንዳ 3፦ ስለ ግጥሙ ባለቤት

መምህር ዮፍታሔ ቅሬታ አቀረበ። የሰው ግጥም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መቀየር እንደማይገባ፣ ባለቤቱ ተገኝቶ እምቢ ካለ ቃሉ እንደነበረ መቆየት እንዳለበት ተናገረ። ሊቀመንበሩ ታዲያ ባለቤቱ ማነው ብለው ጠየቁ። መምህሩ አራቱን ግጥሞች ገጣሚዎቹ ፈርመው እንደሰጡት፣ አምስተኛውን ግን አምና በወ/ሮ ፋጡ ለቅሶ ከድንኳን ጀርባ አንዲት ሴት በቀስታ ስትለው ሰምቶ በስልኩ እንደቀዳው፣ ፊቷን ግን እንዳላየ ገለጸ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይም “ባለቤቱ ያልታወቀ” ብሎ አሳትሟል።

እዚህ ላይ ወ/ሮ ሰኪና ወደ ጸሐፊዋ አዩ። ጸሐፊዋ ወደ ደብተሩ አየች።

ሊቀመንበሩ ኮሚቴው ስለዚህችው ሴት አምና ውሳኔ ማሳለፉን አስታወሱ። ጸሐፊዋ ውሳኔውን እንድታነብ ታዘዘች፣ አነበበችም፦ “በሐጂ ሁሴኖ ቤተሰብ ዘንድ ሙሾ እንደማይወረድ እየታወቀ ሙሾ ያወረደች ሴት ስሟ ሲታወቅ በአባላት ፊት ቆማ ተግሣጽ ትቀበል፤ በእድሩ ኃላፊነት ካላትም ትሻር።” ጽሕፈቱ የጸሐፊዋ ነው። ከጻፈቻቸው ሁሉ በጣም የጠራው እሱ እንደሆነ ሊቀመንበሩ አመሰገኑ።

ሊቀመንበሩ ባለቤቱ ስለማይታወቅ ተቃዋሚ የለም፣ ቁጥሩ ይጸናል ብለው አጀንዳውን ሊዘጉ ሲሉ ጸሐፊዋ እጅ አወጣች። ምን ፈልገሽ ነው ተባለች። ግጥሙ የእሷ እንደሆነ፣ “ፋጡ” የሚለው እንዲነካ እንደማትፈቅድ ተናገረች።

አቶ ዘርትሁን ሳቁ። ትናንት ሀሁ የቆጠረች ሴት ከየት አምጥታ ነው አሉ። ጸሐፊዋ ሙሾ በአፍ እንደሚወርድ፣ ጥሩምባም ቢሆን ፊደል በማያውቅ ሰው ሲነፋ ሃያ ስድስት ዓመት እንደሰማች መለሰች። ሊቀመንበሩ ሁለቱንም ሥርዓት አስያዙ።

ወ/ሮ ሰኪና ምስክር እንዲሆኑ ተጠየቁ። አጠገቧ ተቀምጠው እንደነበር አመኑ። አምና ለምን እንዳልተናገሩ ሲጠየቁ “እኔ የምመዘግበው የቀረውን ነው። የመጣው ሰው ያደረገውን መዝግቢ ያለኝ የለም” አሉ።

ሐጂ ሁሴኖ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው “አንቺ ነሽ እንዴ ትርፌ?” ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ እሷ መሆኗን አረጋገጠች። “ከድንኳን ጀርባ ለምን ሄድሽ?” አሉ። “ሐጂ፣ እርስዎ እንዳይሰሙ ነዋ” አለች። ሐጂ ሁሴኖ ሌላ ጥያቄ እንደሌላቸው ገለጹ።

ሊቀመንበሩ በአምናው ውሳኔ መሠረት ጸሐፊዋ ወዲያውኑ እንድትሻር፣ እሑድ በአባላት ፊት ተግሣጽ እንድትቀበል፣ የተሻረች ሰው ተቃውሞም እንዳይመዘገብ ጠየቁ። ይሁን እንጂ ማን ይጽፋል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸው ቤት እንደቀረ ገለጹ (ቤታቸው ከፊት ለፊት መሆኑ ከላይ ተመልክቷል)። ሐጂ ሁሴኖ የሚያነቡትም የሚጽፉትም በዐረብኛ ፊደል ብቻ ነው። ወ/ሮ ሰኪና የሚጽፉት በቁቤ ነው። አቶ ዘርትሁን እጃቸውን አመማቸው።

በዚህ መሐል ሊቀመንበሩ የሁሉንም ችግር የሚፈታ ሐሳብ እንደመጣላቸው አስታወቁ። ቅዳሜ የወጣው ድንኳን ሟች ይፈልጋል። እሑድ የሚወጣውም ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ግጥም የሚገጥሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሞቱ ናቸው፤ በሕይወት ያለች ገጣሚ፣ ያውም ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትከራከር፣ ለሥራው ክብር አትሰጥም። የሞተ ሰው ደግሞ አይገሠጽም፣ አይቃወምም። ስለዚህ ወ/ሮ ትርፌ በሟች መዝገብ ትስፈር አሉ።

ሐሳቡ በጣም ተደነቀ። መምህር ዮፍታሔ “ኧረ እማማ ትርፌ ፊት ለፊታችሁ ናቸው!” ብሎ ቢጮህም አባል ስላልሆነ ጩኸቱ አልተመዘገበም። ከረጅም ውይይት በኋላ በሦስት ድጋፍ ወ/ሮ ትርፌ ከቅዳሜ ጥር 16 ጀምሮ እንዳረፉ ተወሰነ። ሐጂ ሁሴኖ አሁንም ድምፅ አልሰጡም። ሟቿ በራሷ ጉዳይ ድምፅ መስጠት ስለማይገባት አልተጠየቀችም።

ስሟን ራሷ በመዝገቡ ላይ እንድታሰፍር ታዘዘች፣ አሰፈረች። ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ጸሐፊዋም ተነሥታ ቆመች። ከሞተች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ “ወይዘሮ” እና “እርስዎ” መባል መጀመሯን ታዝባለች።

አቶ ዘርትሁን ሥራዬ ነው ብለው ጥሩምባቸውን ይዘው ወጡ።

አጀንዳ 4፦ በድንገት የተነሣ ጉዳይ

11፡10 ላይ ሊቀመንበሩ በስብሰባው አበል ፋንታ ሻይ እንዲታዘዝ ሐሳብ በማቅረብ ላይ ሳሉ ከውጭ ኡኡታ ተሰማ። በሩ ሲከፈት ጎረምሶች ካስማና ሸራ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ በር አውጥተው ድንኳኑን ሜዳው ላይ ተክለው መጨረሳቸው ታየ። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰብስቧል። አቶ ዘርትሁን ጥሩምባውን በሦስት ሠፈር አዙረው “ወይዘሮ ትርፌ አረፉ” ብለዋል።

ጸሐፊዋ በመስኮት አየች። አምና ስኳር ተበድራ አልመልስም ያለችው ጎረቤቷ ደረቷን እየመታች “ደግ ሰው ነበሩ!” ስትል ሰማች። ይህ ውሸት መሆኑን ጸሐፊዋ ታረጋግጣለች።

የወ/ሮ ሰኪና ስልክ ጮኸ። የጸሐፊዋ ወንድም ከበቆጂ እያለቀሰ ተነሥቻለሁ ማለቱ ተገለጸ። ወ/ሮ ሰኪና “አበጋዝ፣ ይኸው ሰው ገደልክ!” አሉ። ሊቀመንበሩ የተወሰነው በጋራ ነው አሉ።

ሊቀመንበሩ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ በአስቸኳይ እንዲሻር ጠየቁ። ወ/ሮ ሰኪና ቤቱን ቆጠሩ። አቶ ዘርትሁን በጥሩምባ ላይ ናቸው፣ ወ/ሮ ትርፌ ሞተዋል። የቀሩት ሦስት ናቸው። ለመሻር አራት ሰው ያስፈልጋል።

ሊቀመንበሩ ጸሐፊዋን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሕይወት እንድትመለስ በትሕትና ጠየቁ። ጸሐፊዋ የሞተ ሰው አይጠየቅም አለች። “ትርፌ፣ በእናትሽ” አሉ። ጸሐፊዋ አንድ ጥያቄ እንዳላት ገለጸች። ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከተሻረ፣ ፋጡ በቁጥር መተካቷም አብሮ ይሻራል ወይ?

ሊቀመንበሩ ደንቡን ሊያገላብጡ ጀመሩ። ሐጂ ሁሴኖ ግን “ኤዬ” አሉ፣ “ይሻራል። ፋጡ ትመለሳለች።” ከዚያም ለዛሬ የመጀመሪያ የሆነውን እጃቸውን አወጡ። ጸሐፊዋ ጥያቄው ለድምፅ ሳይቀርብ እጇን አውጥታ ነበር።

ስለዚህ በአራት ድጋፍ በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ።

በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ወ/ሮ ትርፌ አልሞቱም፤ የአምናው ተግሣጽ የሚነበብበት ሰው ስለማይታወቅ ባለበት ይቆያል። ጥሩምባው ከዜማው ይወጣል፤ ይህንን ለአቶ ዘርትሁን ማን እንደሚነግራቸው አልተወሰነም። ዘማሪዎቹ እጅ ማውጣት አያስፈልጋቸውም። “መቶ ዐሥራ አራት” የሚለው ይወጣል፣ “ፋጡ” ይገባል። ግጥሙ እንደ ቀድሞው “ባለቤቱ ያልታወቀ” ይባላል። ጸሐፊዋ በዚህ አልተከራከረችም፤ ያልታወቀች ሆና ብዙ ዓመት ስለኖረች አዲስ አይሆንባትም።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ በአንቀጽ 11 አንዴ የተተከለ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው ስለማይነቀል እስከ እሑድ ማታ ባለበት ይቆማል። መምህር ዮፍታሔ ዘማሪዎቹን ለመጥራት ሮጠ። ለቀስተኛውም ወ/ሮ ትርፌ በሩ ላይ ቆማ ስትታየው ጥቂት ቅር ቢለውም ንፍሮውን ይዞ ስለመጣ አልሄደም።

በመጨረሻም ሊቀመንበሩ ነገሩ በጽሑፍ እንዳይቀር ይህ ገጽ ከደብተሩ ተቀድዶ እንዲጣል አዘዙ። ጸሐፊዋ ደብተሩ መሐሉ ላይ በሽቦ የተሰፋ መሆኑን፣ ይህ ቅጠል ከተቀደደ ጥንዱ የሆነው የጀርባው ቅጠልም አብሮ እንደሚረግፍ፣ በዚያኛው ቅጠል ላይ ያለው የወ/ሮ ፋጡ የእጅ ጽሕፈት መሆኑን አሳየች። ወ/ሮ ፋጡ በዚያ ገጽ ላይ ስማቸውን ሠላሳ አንድ ጊዜ ጽፈዋል። ከሃያኛው ጀምሮ መስመሩን አልሳቱም።

ሐጂ ሁሴኖ ደብተሩን ተቀብለው ገልብጠው አዩ። የአማርኛ ፊደል እንደማያነቡ ከላይ ተመዝግቧል። “የትኛው ነው ስሟ?” ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ ሁሉም መሆኑን ነገረቻቸው።

“ላኪ፣ አይሆንም” አሉ፤ “ይህ አይቀደድም።” ሌላ ሐሳብ አልቀረበም።

ስብሰባው 11፡50 ላይ ተፈጸመ። ኳየሩ ከድንኳኑ ውስጥ አምስተኛውን ሲለማመድ በመሰማቱ የኮሚቴው አባላት እስኪያልቅ ተቀምጠው ቆዩ። ዘመናዊ ስለሆነ ማለቁን ያወቀ አልነበረም፤ ሐጂ ሁሴኖ ሲነሡ ሌላውም ተነሣ።

ቃለ ጉባኤውን የያዘችው፦ ትርፌ፣ ጊዜያዊ ጸሐፊ፣ በሕይወት ያለች።

እድሩ መዝገብ ይግዛ። የሚቀጥለው ገጽ የፋጡ ነው።